ኪራይ 27 በመቶ ብቻ ነው የጨመረው? የማን ኪራይ?

አባ ሦስት ክፍል
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ከፍራንክፈርት ነው። ትናንት ቡና ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተኳርፈን ተለያየን። ምክንያቱ ዩሮስታት ነው ብላችሁ ትስቃላችሁ። ለማያውቅ፣ ዩሮስታት ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ነው።

ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ አነበበልኝ። ከ2010 እስከ 2024 መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) በኅብረቱ አገሮች የቤት መሸጫ ዋጋ 55 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ኪራይ ግን 27 በመቶ ገደማ ብቻ። ጀርመን ደግሞ በኪራይ ከዚህ አማካይም በታች ናት አለኝ። «በ14 ዓመት ሩብ መጨመር ምን አላት? አንተ ማማረር ትወዳለህ» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

ስምንት ወር ሙሉ ቮኑንግ (የሚከራይ ቤት) ፍለጋ ላይ ነኝ። ልጄ 12 ዓመት ሞልቶታል፣ እህቱ 9 ናት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት። ባለ አራት ክፍል ቤት ፈልጌ ያላንኳኳሁት በር የለም። ያየኋቸው ሁሉ አሁን ከምከፍለው እጥፍ ናቸው፣ እጥፍ ያልሆነውም እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። አንዱን ለማየት ስሄድ ሰልፉ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ መንገድ ወርዷል። ሁሉም ፋይሉን ታቅፎ ቆሟል፤ ሹፋ (የብድርና የዕዳ ታሪክ ወረቀት)፣ የሦስት ወር የደሞዝ ወረቀት፣ የድሮ አከራይ ምስክርነት። አንዷ እንዲያውም የቤተሰቧን ፎቶ ፊት ገጽ ላይ ለጥፋ መጥታለች።

ይሄ ነው 27 በመቶ? ወይ እኔ ሒሳብ አልችልም ወይ እነሱ የሚቆጥሩት ሌላ አገር ነው። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ተጠራጣሪ
ምኑን ነው የሚያስረዱህ? ውሸት ነው፣ አለቀ። የመንግሥት ቁጥር መቼ ከሰው ኪስ ጋር ገጥሞ ያውቃል? አገር ቤትም ግሽበት ቀነሰ ባሉ ማግሥት ነው ሽንኩርት የሚወደደው። እዚህ ቁጥሩን በሚያምር ቀለም ስለሚያወጡት ነው እናንተ የምታምኑት።

ቡና በስቶክሆልም
ወንድሜ ሰልፉ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ መንገድ ወረደ ብለህ ታማርራለህ? የኛ ሰልፍ በዓመት ነው የሚለካው። ስቶክሆልም ከተማው የቤት ወረፋ ላይ ተመዝግበህ ቤት ለማግኘት በአማካይ 9 ዓመት ገደማ ነው። መሃል ከተማ ከፈለግክ ወደ 20 ዓመት ይጠጋል። መመዝገብ የሚቻለው 18 ዓመት ሲሞላ ነው። ልጄ 18 በሞላች ቀን ኬኩ ሳይቆረስ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬ አስመዘገብኳት። አያቷ በቪዲዮ ሆነው «ምን እየሞላች ነው? ዩኒቨርሲቲ ነው?» ሲሉ «አይ እማማ፣ የቤት ወረፋ ነው» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ይተርቡኛል።

ቁጥር ወዳድ
አባ ሦስት ክፍል፣ እኔ ሆላንድ ነኝ። ሥራዬ አንድ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰንጠረዥ መሥራት ስለሆነ ልሞክር። ግን መጀመሪያ ሁለት ጥያቄ ልጠይቅህ። አሁን ያለህበትን ቤት ውል የፈረምከው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ኪራይህ ስንት ጨመረ?

አባ ሦስት ክፍል
2013 ነው፣ ልጄ ሊወለድ ሲል። ጭማሪው... ሁለት ጊዜ ደብዳቤ መጥቶልኛል። አሁን አስልቼ አየሁት። ወደ 20 በመቶ ገደማ ነው። ካልት ሚቴውን ማለቴ ነው፣ ማሞቂያውንና ሌላውን ሳይጨምር።

ቁጥር ወዳድ
እንግዲህ ቁጥሩ ውስጥ ያለኸው አንተው ራስህ ነህ።

ዩሮስታት የሚያወጣው የኪራይ መለኪያ የሚመጣው ከሸማቾች ዋጋ መለኪያ ነው። ዳቦና ነዳጅ ከሚለካበት ከዚያው። የሚጠይቀው «ዛሬ ቤት የሚፈልግ ሰው ስንት ይባላል?» ብሎ አይደለም። «ተከራይ ሆኖ የሚኖር ሰው በዚህ ወር ስንት ከፈለ?» ብሎ ነው። ትናንት የፈረመውም፣ አንተም፣ ከ30 ዓመት በፊት የገቡት አሮጊት ጎረቤትህም አብረው ይገባሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤት የሚቀይረው ሰው ትንሽ ስለሆነ የነባሮቹ ኪራይ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሕጉ ነባሩን ይጠብቃል። ባለቤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ መጨመር አይችልም፣ ቤት በጠፋባቸው ከተሞች ከ15 በመቶ በላይ አይችልም።

ጓደኛህ ያነበበልህ አንተ የምትኖርበትን ኪራይ ነው። አንተ የምትጮኸው ስለምትፈልገው ኪራይ ነው። ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል።

አባ ሦስት ክፍል
ወይ ጉድ። ስለዚህ ጓደኛዬን ይቅርታ ልጠይቅ ነው?

ቡና በስቶክሆልም
ቡናውን በሱ ወጪ ካደረገው ጠይቀው 😄

ተጠራጣሪ
ቆይ ቆይ። ይሄ እኮ እኔ ያልኩትን ነው የሚያረጋግጠው። አዲስ ገቢ የሚከፍለውን ካላሳየ ቁጥሩ ለማን ነው? ቤቱ ላለው ነው። ስደተኛ፣ ተማሪ፣ አዲስ ሙሽራ፣ የተፋታ ሰው፣ ቤት የሚፈልጉት እነዚህ ናቸው። እነሱን ትተህ «ኪራይ ሩብ ጨመረ» ብለህ ርዕስ ስታወጣ ምን ይባላል?

ቁጥር ወዳድ
እዚህ ላይ ከፊሉን እቀበልሃለሁ። መለኪያው የተሠራው ግሽበትን ለማወቅ ነው፣ ቤት ፈላጊን ለማገዝ አይደለም። ለተሠራበት ሥራ ትክክል ነው። ችግሩ የመጣው ሰው ቡና ላይ አውጥቶ ለሌላ ጥያቄ መልስ ሲያደርገው ነው።

ግን «የማስታወቂያ ኪራይ ብቻ እንቁጠር» ብትልም ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለህ። ኢንተርኔት ላይ ረጅም ጊዜ ተለጥፎ የሚቆየው ማን ይመስልሃል? ውዱና ማንም ያልፈለገው። ርካሹና ጥሩው ሳይለጠፍ በዘመድ በጓደኛ ያልቃል። ስለዚህ እሱም የተጋነነ ያሳይሃል። ጀርመኖች ለዚህ መሃል ላይ የቆመ ነገር አላቸው፣ ሚትሽፒገል የሚባለው የአካባቢ ኪራይ ሰንጠረዥ። በየከተማው ይወጣል። የሚቆጥረው ባለፉት 6 ዓመታት የተፈረሙትን ወይም የተቀየሩትን ኪራዮች ብቻ ነው። ድሮ 4 ዓመት ነበር፣ ከ2020 ጀምሮ ነው 6 ያደረጉት። ለምን እንዳረዘሙት ገምት። ዓመቱ ሲረዝም የድሮው ርካሽ ኪራይ ይገባና አማካዩ ዝቅ ይላል፣ አከራዩም በዚያ ልክ ነው የሚጨምረው። አየህ፣ ስንት ዓመት ይቆጠር የሚለው ራሱ ፖለቲካ ነው።

ሮማዊው
እኔ 30 ዓመት ሮም የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆች፣ ሁላችሁም ወደዚህ ኑ። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ጣሊያንን አይታችኋታል? ከ2010 ወዲህ የቤት ዋጋ የቀነሰባት አገር ናት። ሁሉም ወደ ላይ ሲሄድ ጣሊያን ከዜሮ በታች ትንሽ ወረድ ብላ ተቀምጣለች። ባር ውስጥ ይህን ስናገር አንዱ ሽማግሌ «ያ እኮ ቤት ሳይሆን እኛ ነን የቀነስነው» ብሎኝ አሳቀኝ። ሕዝቡ እያረጀ ነው፣ ወጣቱ ይሄዳል፣ ደሞዝ ቆሟል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ሲሲሊ ተራራ ላይ ያለ መንደር ቤቱን በ1 ዩሮ ይሸጣል፣ ዜናውን ሰምታችኋል። ሚላን ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር ስትጠይቅ ትቀመጣለህ። ሁለቱ ተደምረው ነው «ጣሊያን ቀነሰች» የሚባለው። የኔ አከራይ ይህን ስታቲስቲክስ አላነበበም።

ዳኑብ ዳር
የሮማው ጋሼ አሳቁኝ። እኔ በስኮላርሺፕ ቡዳፔስት መጥቼ የቀረሁ ነኝ። እኛ የሰንጠረዡ ሌላኛው ጫፍ ነን። ሃንጋሪና ኢስቶኒያ ከ2010 ወዲህ የቤት ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። እዚህ የሚናገሩት እንዲህ ነው። በ2008 ሰው ሁሉ በስዊስ ፍራንክ ተበድሮ ነበር። ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ) ሲወድቅ ዕዳው አበጠ፣ ቤቶች በርካሽ ተሸጡ። ስለዚህ 2010 ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ መንግሥት ለቤተሰብ የቤት ድጎማና ርካሽ ብድር መስጠት ጀመረ። ገንዘቡን ለገዢ ሰጠ፣ ሻጩ ዋጋው ላይ ጨመረበት።

አብሮኝ የመጣ ልጅ በ2015 ትንሽ ስቱዲዮ እንግዛ ብሎኝ «እብድ ነህ፣ ተመርቀን እንሄዳለን» አልኩት። አሁን እሱ አከራዬ ነው። እየቀለድኩ አይደለም።

ቁጥር ወዳድ
ዳኑብ ዳር ትልቅ ነገር ነካህ። መነሻው ዓመት። ሦስት እጥፍ ማለት ቡዳፔስት ከሙኒክ ትወደዳለች ማለት አይደለም። የዋጋ ኢንዴክስ ከራስህ የትናንት ዋጋ ጋር ብቻ ነው የሚያወዳድርህ።

አየርላንድን ውሰድ። እዚያ ዋጋው ጣራ የነካው 2007 ነው። ከዚያ ተንኮታኩቶ 2013 መጀመሪያ ላይ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። የ2007ቱ ጣራ ላይ ተመልሶ የደረሰው በ2022 ነው። ከ2007 ብትጀምር «በ15 ዓመት ምንም አልጨመረም» ትላለህ። ከ2013 ብትጀምር «ከእጥፍ በላይ ሆነ» ትላለህ። ሁለቱም አይዋሹም። አንድ ሰው ግራፍ ሲያሳይህ መጀመሪያ የምታየው በግራ በኩል ያለውን የመጀመሪያውን ዓመት ይሁን።

ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻም አይደለም። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ወለድ መጨመር ጀመረ፣ በ2023 መስከረም ላይ 4 በመቶ አደረሰው። ጀርመን በዚያ ዓመት የቤት መሸጫ ዋጋ 8 በመቶ ገደማ ወደቀ፣ ሉክሰምበርግ 9 በመቶ ገደማ። ሰው «ጎሽ፣ አሁን እገዛለሁ» አለ። ግን ብድሩ ስለተወደደ ወርሃዊ ክፍያው ከበፊቱ ባሰ። መግዛት ያልቻለው ደግሞ ተመልሶ ኪራይ ገበያው ውስጥ ገባ፣ አባ ሦስት ክፍል ሰልፍ ላይ።

የአቴንስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ግሪክ ነኝ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር፣ አሮጊት እጠብቃለሁ። ስለኛ ማንም ስላልጻፈ ልጻፍ። እኔም ገብቼ አየሁት። በዚያ ሰንጠረዥ ኪራይ ከ2010 የወረደባት አገር ግሪክ ብቻ ናት። ወረደ ነው የሚለው! ሳየው ስልኬን ልወረውር ነበር። ከዚያ ሌላኛውን ገጽ አየሁ። ከገቢያቸው 40 በመቶና ከዚያ በላይ ለቤት የሚያወጡ ሰዎች በብዛት ያሉት የት ነው? ግሪክ። በ2023 ከአራት ሰው ከአንድ በላይ። ኅብረቱ በአማካይ 9 በመቶ ገደማ ነው።

እንዴት ነው ኪራይ የወረደባት አገር ሰዉ በኪራይ የሚያልቀው? ቁጥር ወዳድ እስቲ።

ቁጥር ወዳድ
እህቴ ያነሳሽው ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያየው ኪራይን ብቻ ነው። ሁለተኛው የቤት ወጪን በሙሉ ከገቢ ጋር ያነጻጽራል። መብራት፣ ውሃ፣ ማሞቂያ፣ የብድር ወለድ ሁሉ ይገባበታል። ግሪክ በዕዳው ቀውስ ጊዜ ደሞዙ ከኪራዩ በላይ ወረደ። በኋላ ኪራዩ መውጣት ጀመረ፣ ደሞዙ ግን አልተከተለውም። ኪራይ ከ2010 አንጻር ገና ዝቅ ያለ ነው፣ ከኪስሽ አንጻር ግን ሰማይ ነው።

የአቴንስ ልጅ
ልክ ነህ። ለቱሪስት በቀን የሚከራየውንም ጨምርበት። እኛ ሕንፃ ውስጥ ድሮ አበሻና ፊሊፒኖ የነበረባቸው ሁለት ቤቶች አሁን በራቸው ላይ የቁልፍ ሳጥን ተለጥፎባቸዋል። ሌሊት ሻንጣ ሲጎተት ነው የምንሰማው። ቤት ገዝቶ መኖሪያ ፈቃድ የሚያገኘው የውጭ ሰውም አለ። አቴንስ ላይ ዝቅተኛውን በ2024 ወደ 800,000 ዩሮ ከፍ አደረጉት። እኛ ግን እስካሁን ለውጡ አልታየንም።

ቀበሌ 14
ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ነገር ገረመኝ። አውሮፓ ሁሉም ሰው የራሱ ቤት ያለው ነበር የሚመስለኝ። ጀርመን አብዛኛው ተከራይ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ቁጥር ወዳድ
እውነት ነው። በኅብረቱ 69 በመቶው በራሱ ቤት ይኖራል፣ 31 በመቶው ተከራይ ነው፣ የ2023 ቁጥር ነው። ከ27ቱ አገሮች ተከራይ ከግማሽ በላይ የሆነባት ጀርመን ብቻ ናት። የቤት ባለቤትነት ከሁሉም የሚበልጠው የት እንደሆነ ገምት። ሩማንያ ነው፣ 96 በመቶ ገደማ። ስሎቫኪያ 94።

ድሃዎቹ ናቸው የበለጡት አትበል። ኮሚኒዝም ሲወድቅ መንግሥት ሰው የሚኖርበትን አፓርታማ ለዚያው ነዋሪ በርካሽ ሸጠለት። ስለዚህ ሁሉም ባለቤት ሆነ። ግን ወጣቱ አይወጣም፣ አያትም ልጅም የልጅ ልጅም እዚያው ናቸው። ሩማንያ ከአሥር ሰው አራቱ ተጨናንቆ ነው የሚኖረው። ላትቪያም እንደዚያው።

ቀበሌ 14
ኧረ ይሄ የኛን ይመስላል! እኛ ግቢ 1967 ዓ.ም. ከተወረሰ ጀምሮ የቀበሌ ነው። ሦስት ትውልድ አንድ ቤት ውስጥ አለን። የኮንዶሚኒየም እጣ እየጠበቅን አባታችን አረፉ። አሁን ደግሞ የኪራይ አዋጅ ወጥቷል፣ በ2016 ዓ.ም. (በኛው)። አከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል እንዲገባ፣ ጭማሪውም በመንግሥት እንዲወሰን ነው። የሚገርመኝ፣ የናንተን ሳነብ ነባሩ ተከራይ ሲጠበቅ አዲሱ ውጭ ቀረ ነው የምትሉት። እኛም ጋ እንደዚያ ይሆን እንዴ?

ቡና በስቶክሆልም
ወንድሜ ያንን ነገር ስዊድን ላይ ኖሬዋለሁ። ኪራዩን የሚወስኑት የተከራዮች ማኅበርና አከራዮች ተደራድረው ነው፣ ስለዚህ ዝቅተኛ ነው። የራስህ ውል ካለህ ንጉሥ ነህ። ከሌለህ ግን ከሌላ ተከራይ ላይ ነው የምትከራየው፣ አንድራሃንድ ይባላል። እኔ 7 ዓመት ውስጥ 9 ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። ሻንጣዬን መፍታት ትቼ ነበር። ያ ሁሉ መንከራተት ግን የኪራይ ቁጥሩ ላይ አይታይም።

ግን አዋጁ አይኑር አልልም። ዛሬ የራሴ ውል አለኝ፣ ማንም ተነስቶ ውጪ አይለኝም። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሳይቀይሩ አደጉ። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ቤት አለመሠራቱ ነው መጥፎው። ቪየና ብትሄድ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ በከተማው ቤቶች ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ነው የሚኖረው። ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ 220,000 ገደማ ቤት አለው። ከመቶ ዓመት በፊት ነው መሥራት የጀመሩት። እህቴ እዚያ ናት፣ ስትነግረኝ እቀናለሁ።

የሀይም ምሩቅ
እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ። ጀርመን ስመጣ ሁለት ዓመት ሀይም (የስደተኛ መቀበያ) ውስጥ ነበርኩ፣ አንድ ክፍል ለአራት ሰው። ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ሌሊት ሲደውል ያድራል። እኔ «ተጨናንቆ የሚኖር» ተብዬ ተቆጥሬ ነበር?

ቁጥር ወዳድ
አልተቆጠርክም። የኑሮ ሁኔታ መጠይቁ የሚሄደው ወደ ግል ቤተሰቦች ነው። የስደተኛ መቀበያ፣ የአረጋውያን ማደሪያ፣ እስር ቤት አይገቡም። መንገድ ላይ የሚያድር ሰውም አይገባም፣ በር የለውምና የሚያንኳኳበት የለም።

ተጠራጣሪ
በቃ ይኸው! ከሁሉ የተጨናነቀውን ትቶ መጨናነቅን የሚለካ ቁጥር። አሁን ማን ልክ ሆነ?

ቁጥር ወዳድ
እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። አንተ ልክ ነህ።

የሀይም ምሩቅ
አይ እኔ እንኳን ቅር አላለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሆነ ቦታ ላይ ስሜ ተጽፎ ማየት ሰልችቶኝ ነበር 😄

አባ ሦስት ክፍል
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ተጨናንቆ መኖር በምንድነው የሚለካው? በካሬ ነው?

ቁጥር ወዳድ
በካሬ አይደለም፣ በክፍል ነው። ለቤተሰቡ በጋራ አንድ ክፍል። ለባልና ሚስት አንድ። 18 ዓመት ለሞላው ላጤ ለእያንዳንዱ አንድ። ከ12 እስከ 17 ላሉ ልጆች፣ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ከሆኑ አንድ ክፍል ይጋራሉ፣ አለዚያ ለየብቻ። ከ12 በታች ከሆኑ ወንድም ይሁን ሴት ሁለቱ በአንድ ክፍል።

ያንተን ልቁጠርልህ። ሳሎን 1፣ እናንተ 1፣ የ12 ዓመቱ ወንድ 1፣ የ9 ዓመቷ 1። አራት ክፍል ያስፈልግሃል፣ ያለህ ሦስት ነው። ስለዚህ ተጨናንቃችኋል። የሚገርመው፣ ልጅህ 11 ዓመቱ እያለ አልተጨናነቃችሁም ነበር። የልደቱ ቀን ነው የተጨናነቃችሁት።

አባ ሦስት ክፍል
ኧረ! እኔ እኮ በትክክል ያን ሰሞን ነው ቤት መፈለግ የጀመርኩት። ባለቤቴ «ልጁ አድጓል፣ ልብሱን ሊቀይር መታጠቢያ ቤት ነው የሚገባው» አለችኝና። ሉክሰምበርግ ያሉት ሰዎች ቤቴ ገብተው ያዩ ይመስል።

ይህን ስጽፍ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከላያችን ያሉት ጀርመናዊት፣ 80 አልፏቸዋል፣ ባለ አራት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ 6 ዓመት ሆነ። ሁለቱን ክፍሎች አይከፍቷቸውም፣ ማሞቂያውንም ዘግተውታል። የልጄን ትልቅ መሆን እያዩ ሁሌ ይስቃሉ።

ቁጥር ወዳድ
እሳቸውም ሰንጠረዥ ውስጥ አሉ። ከሚያስፈልገው በላይ ክፍል ያለው ቤት የሚባለው ነው። በኅብረቱ ከሦስት ሰው አንዱ እንደዚያ ነው የሚኖረው፣ ከተጨናነቀው ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ክፍሉ ጠፍቶ አይደለም፣ የተደለደለበት መንገድ ነው።

ሮማዊው
ለምን ወደ ትንሽ ቤት አይሄዱም እኚህ ሴትዮ? በቤት ትቀያየሩ ነበር።

አባ ሦስት ክፍል
ጋሼ ጠይቄያቸው አላውቅም፣ ነውር መስሎኝ። ግን በወሬ መሃል ነግረውኛል። ውላቸው የ1980ዎቹ ነው። አዲስ ባለ ሁለት ክፍል ቢፈርሙ አሁን ለአራቱ ከሚከፍሉት ይበልጣል።

ቁጥር ወዳድ
ለዚያ ነው የማይንቀሳቀሱት። የድሮ ውል ዋጋው ብዙ ስለሆነ ማንም ከእጁ አይለቀውም። አንተም እንደዚያው፣ አንዴ ያንን የ2013 ውል ከለቀቅክ አይመለስም።

ብትቀያየሩም ባለቤቱ ካልፈቀደ አይሆንም፣ ጀርመን ውስጥ ተከራዮች በራሳቸው ስምምነት ብቻ ቤት መለዋወጥ አይችሉም። ከፈቀደም ለሁለታችሁም አዲስ ውል በአዲስ ዋጋ ሊጽፍ ይችላል። አዲስ ኪራይ ከአካባቢው ዋጋ (ሚትሽፒገሉ ከሚያሳየው) ከ10 በመቶ በላይ እንዳይበልጥ የሚል የ2015 ሕግ አለ፣ ፍራንክፈርትም ይሠራል። ግን ከ2014 ጥቅምት 1 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከራየ አዲስ ቤት አይመለከተውም፣ አከራዩን ካልጠየቅከውም ማንም መጥቶ አያስፈጽምልህም። የተከራዮች ማኅበር አባል ሁንና ከመፈረምህ በፊት አሳያቸው። የዓመት መዋጮው ከአንድ ጠበቃ ሰዓት ያንሳል።

የአቴንስ ልጅ
እኔ ግን ሴትዮዋን ጠይቃቸው ነው የምልህ። ቤት ቀይሩኝ አትበል። እኔ የምጠብቃት አሮጊት ባዶ ክፍል አላት፣ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ እዚያ ያጠናል። እሷም ሰው አገኘች፣ ልጁም ጠረጴዛ አገኘ። የሚተኛው ግን ቤቱ ነው።

ቡና በስቶክሆልም
ቆንጆ ሐሳብ ነው። ዳቦ ጋግረህ ውጣ፣ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ።

ተጠራጣሪ
ስምንት ወር ፈልጎ መጨረሻው ዳቦ? በሉ እስቲ።

አባ ሦስት ክፍል
ሄድኩ። ባለቤቴ የጋገረችውን ይዤ፣ ልጁንም አስከትዬ። ከደጅ ሆኜ መንተባተብ ስጀምር ሴትዮዋ ገብቷቸው እጁን ይዘው አስገቡት። ክፍሉ የሳቸው ልጅ የነበረ ነው፣ ግድግዳው ላይ አሁንም የአይንትራክት (የፍራንክፈርት እግር ኳስ ክለብ) ፖስተር አለ፣ የ1992 ቡድን ነው አሉን። ልጄ ፖስተሩ ካልተነሳ አጠናለሁ ብሏል። ማሞቂያውን ከፍተውታል፣ ወጪውን ልካፈል ብላቸው «በኋላ እንተያያለን» አሉኝ።

ቮኑንግ ፍለጋው እንዳለ ነው። ማክሰኞ አንድ ቤት አያለሁ፣ ኦፈንባኽ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት አጠገብ፣ ባለ አራት ክፍል። ቁጥር ወዳድ፣ ከመፈረሜ በፊት ዋጋውን እዚህ እጽፍልሃለሁ፣ ከሚትሽፒገሉ ጋር አስተያይልኝ።